ዲናሞህ ጥፋት የለበትም

ለምወድህ፣ ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ያ ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግርህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣህ ቁጥር ትሳደባለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? የትልቋ የፊት ጥርስ በቀለላት? ትንሹስ አሁንም ጫማውን እያወለቀ በመስኮት ይወረውራል? እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔም ደህና ነኝ። እኛ ቤት ሁሉም አለ፤ የጎደለ ሰው የለም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ይህን ያስቀደምኩት የእጄን ጽሑፍ ስታይ እንዳትደነግጥ ነው። አውቅሃለሁ፣ ላንተ ደብዳቤ ማለት መርዶ ነው።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩህ ይገባሃል። በዚህ ቤት ስልክ ሲጮህ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ እማዬ ከመኝታ ክፍሏ ትመልሳለች፤ ጎረቤት በአጥር በኩል ሰላምታ ይጨምራል። አባዬ እንኳ ካኮረፈህ ወዲህ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ያልሰማ መስሎ፣ አንድ ቃል አያመልጠውም። የምነግርህን ነገር ደግሞ በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት መናገር አልችልም ነበር።

ነገሩ ስለ መኪናዋ ነው። ስለ እማዬ ነው ብልህም ያው ነው፤ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ከሆኑ ሰንብተዋል። እማዬ በየማክሰኞውና በየዓርቡ ለኩላሊት እጥበት ከተራራው ማዶ ወዳለው ሆስፒታል መድረስ አለባት። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በረጅሙ ዋሻ ውስጥ ያልፋል። አውቶቡሱን አንድ ቀን ሞከርነው፤ ስንመለስ አቅም አጥታ ፌርማታው ላይ መሬት ቁጭ አለች። ያመላልሳት የነበረው ጎረቤታችን ባለታክሲም ሰፈር ቀየረ። ስለዚህ የአባዬ አሮጌ መኪና እግሯም ኩላሊቷም ናት። የምነዳው እኔ ነኝ፤ የአባዬ ዓይን ከደከመ ወዲህ መሪውን ተረክቤዋለሁ። እሱ ግን ዛሬም ቁልፉን ሲሰጠኝ ሴት ልጁን እንደሚድር አባት አሥሬ መክሮ ነው።

ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሲቃጠልብን ከምትሠራበት ጋራዥ ሌላ ፈልገህ በመንገደኛ እጅ ላክህልን። እስኪደርስ ድረስ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ኮፈኗን ከፍታ ቆማ ነበር። አባዬን ታውቀው የለ፣ እጁ ሥራ ከፈታ ይታመማል። ዕድሜውን የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ አሁን ትንሽ ፊደል አላነብ ቢለውም ብሩሹን አልተወም። ማንም የማያየውን የታፔላ ጀርባ ሁለቴ ፀረ ዝገት ሳይቀባ ግድግዳ ላይ እንደማይሰቅል ታስታውሳለህ፤ ዝገት ከጀርባ ነው የሚመጣው ይላል። ዲናሞህን ስንጠብቅም የሞተሩን ክፍል አጥቦ፣ ፈግፍጎ፣ ያገኘውን ብረት ሁሉ ግራጫ ቀብቶ መኪናዋን ሙሽራ አስመሰላት። ሁላችንም አጨበጨብንለት።

ዲናሞው ሲመጣ ባትሪነው ገጠመው። ባትሪነው የምንለው የሰፈራችንን መካኒክ ነው። ሞተር ቢያንኳኳ፣ ፍሬን ቢጮህ፣ በር አልዘጋ ቢል፣ የመጀመሪያ ቃሉ ባትሪ ነው የሚል ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፤ በጠራኸው ሰዓት እጁን እየጠረገ የሚመጣ ሰው ነው። ዲናሞው በገባ በጥቂት ቀን የፊት መብራቱ መፍዘዝ ጀመረ። ባትሪ ነው አለና ባትሪ ቀየረ። አዲሱም ባትሪ ያለውን እያወጣ ጥቂት ቀን አኖረንና እንደ ወንድሙ ተዳከመ። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥቶ፣ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ ለካና፣ ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ እንግዲህ የላከላችሁ ዲናሞ ያገለገለ ይሆናል አለ። ይህን አባዬ ሰማ። ከሰው አገር የተጣለ ብረት ላከልኝ ብሎ በስልክ የጮኸብህን አልደግመውም። አንተም ዘጋህበት። እኔ መሃል ላይ ቆሜ የሁለት ኩርፊያ ተሸካሚ ሆንኩ።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከእጥበት ስንመለስ ዝናቡ መንገዱን ጋርዶት ነበር። የፊት መብራት አበራሁ፤ የመስታወት መጥረጊያውን አስነሣሁ፤ መስታወቱ በትንፋሻችን ስለታፈነ ማራገቢያውንም ጨመርኩ። እማዬ ከኋላ ወንበር በጎኗ ጋደም ብላለች፤ ከእጥበት በኋላ ተጨምቆ እንደተሰጣ ጨርቅ ነው የምትሆነው። ዋሻውን ሳናጋምስ መብራቱ ፈዘዘ። መጀመሪያ ዓይኔ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መጥረጊያው እንደ ሰነፍ ሠራተኛ እየተንቀራፈፈ መስታወቱ መሃል ላይ ቆመ። አደጋ አለ የሚለው ቀይ ምልክት እንኳ አልበራም፤ እስካሁን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሞተሩ ሁለቴ አሳለና ጠፋ።

ወንድም ጋሼ፣ ከኋላችን የከባድ መኪና ጥሩንባ ዋሻውን ሞላው። ብወርድ በጨለማ ማን ያየኛል? ባልወርድ እማዬ ከኋላ ናት፤ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ነጭ ፎጣዋን ከትከሻዋ ነጥቄ ወረድኩና እየጮኽኩ አወዛወዝኩ። የከባዱ መኪና ሹፌር ፍሬኑን ሲይዝ የጎማው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ፈጣሪ ዕድሜ ይስጠው፣ አልተሳደበም። ከመኪናው ወርዶ ከኋላ ያለችው እናትሽ ናት ወይ ብቻ አለኝ፤ ከዚያ በገመድ አስሮ ጎትቶ አወጣን።

ቤት ደርሰን እማዬ አልጋዋ ላይ ከተቀመጠች በኋላ፣ ከዚያ ጉድጓድ ዳግመኛ አልገባም፤ ሞት ከፈለገኝ አልጋዬን ያውቀዋል፣ እዚሁ ይምጣ አለች። የማንም መኪና ይሁን፣ አልገባም አለች። ዓርብ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት፤ ወይ ፍንክች። ቀረች። ቅዳሜ እግሯ አብጦ ጫማዋ እምቢ አለ፤ በጣቴ ብጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላ አለ። ለነርሷ ደወልኩ። አንዱን መቅረት ሰውነት ይታገሠዋል፤ ማክሰኞም ከቀረች ግን ውኃው ሳንባዋ ላይ ይወጣል፣ ያኔ እኔን አትጥሪኝ አለችኝ። ይህን ስትል ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ላንተ አልነገርኩህም፤ እዚያ ሆነህ ምን ታደርጋለህ ብዬ ነው። አትቀየመኝ።

እሑድ እግሯን እያየሁ ዋልኩ። ባትሪነው ባትሪውን ወስዶ ሞልቶ መለሰው እንጂ ሌላ መላ አልነበረውም። ሰኞ ጠዋት፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ብዬ መርፌና ክሬን አስቀመጥኩና ትተህልኝ የሄድከውን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቴስተሩን፣ ከመሳቢያ አወጣሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ሰው ሜትር ሲያይ ሆዱን ይስባል። በዚያ ልክ ሱሪ ብትሰፋለት ምሳ በልቶ ሲቀመጥ ይተረተራል። ስለዚህ እኔ ደንበኛዬን እያስወራሁ፣ ተቀመጥ ተነሥ እያልኩ ነው የምለካው። ባትሪነው መኪናዋን የለካት ሆዷን ስባ ሳለች ነበር።

ሻሼን አጥብቄ፣ እጀታዬን ሰብስቤ ሞተሩን አስነሣሁ። ሁሉ ነገር እንደጠፋ ባትሪው ላይ አሥራ ሦስት ከሦስት ቮልት አነበብኩ። ከዚያ የፊት መብራቱን፣ መጥረጊያውን፣ ማራገቢያውን፣ ያላትን ሁሉ አበራሁባት። ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ወርዶ አሥራ ሁለት ከሦስት ላይ ቆመ። ሞተር እየሠራ ከአሥራ አራት ግድም ማነስ እንደሌለበት አንተው ነህ የነገርከኝ። ይኸውልህ፣ ዋሻ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ታዲያ ዲናሞህ እውነትም የማይረባ ኖሯል ብዬ ልቤ ስብር አለ። እንዲያው ለይግባኝ ያህል ባትሪውን ትቼ ራሱን ዲናሞውን ለካሁት፤ ቀዩን ጫፍ መውጫው ላይ፣ ጥቁሩን ገላው ላይ። አሥራ አራት ከሦስት! እሰይ የወንድሜ ዲናሞ! እሱ እየሠራ ነው፤ የሠራው ነው ባትሪው ዘንድ የማይደርሰው። መንገድ ላይ የሚበላው ሌባ አለ ማለት ነው።

የስፌት መኪናዬን ሞተር ስትጠግንልኝ ያልከኝ ያኔ ትዝ አለኝ። ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚቀር እንግዳ አይደለም፤ መሄጃም መመለሻም አለው፤ አንዱን ብቻ ሰምተሽ አትፍረጂ ብለኸኝ ነበር። መሄጃውን ጠየቅኩ፤ ከዲናሞው እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ የሚጠፋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መመለሻውን ጠየቅኩ፤ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የዲናሞው ገላ ላይ አደረግኩ። ዜሮ መሆን የነበረበት ቁጥር ሁለት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ባትሪውን ትቼ የሞተሩን ብረት ብነካም ያው ነው። እንግዲህ ሌባው በዲናሞውና በሞተሩ መካከል ነው። በመካከላቸው ደግሞ ዲናሞው የሚታሰርበት የብረት እግር እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ሞተሩን አጥፍቼ፣ የባትሪውን ገመድ ፈትቼ እግሩን በመቀስ ጫፍ ጫር አደረግኩት። ግራጫ ልጣጭ ተነሣ። ከሥሩ ሌላ ግራጫ። ክው አልኩ። ዲናሞህ የተቀመጠው ብረት ላይ አልነበረም፤ የአባዬ ቀለም ላይ ነበር። አባዬ ያን እግር ባዶውን ሲያገኘው እንደ ታፔላ ጀርባ ሁለቴ ቀብቶታል፤ የብሎኑን ቀዳዳ ሳይቀር አጥግቦታል። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን በር በገዛ እጁ ዘግቶታል። ቀና ስል በመስኮቱ ይታየኛል፤ አንዱን ብሩሽ በጥርሱ ነክሶ፣ አንዱን ይዞ፣ የዳቦ ቤት ታፔላ ላይ ጎንበስ ብሏል። እማዬን ዋሻ ውስጥ ያስቀራት ያ እጅ ነው ብዬ እንዴት ልንገረው? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ባትሪነውን ጠርቼ ቁጥሮቹን አሳየሁት። ራሱ መልሶ ለካና ባትሪ አይደለም አለ። ያቺን ቃል ከአፉ ለማውጣት ምጥ ነው የያዘው። ዲናሞውን አወረደልኝ፤ እኔ እግሩንና ብሎኖቹን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግኩ፤ እሱ መልሶ አጥብቆ አሰረው። ያላትን ሁሉ አብርተን ባትሪው ላይ ለካን፤ አሥራ አራት ከአንድ። ግቢው ውስጥ ዘለልኩ ብልህ ታምናለህ? ከዚያ ለአባዬ ትንፍሽ እንዳይል አስማልኩት።

ለእማዬ መኪናዋ ድናለች አልኳት። ባለፈውም ድናለች ብላችሁኝ ነው የሄድኩት፤ ምን ሆና እንደነበር ንገሪኝና ልመንሽ አለችኝ። አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። አንድ ገመድ ላልቶ ነው አልኩ። እማዬ ደግሞ የእኔን ውሸት ከልጅነቴ ጀምሮ ከአፍንጫዬ ላይ ነው የምታነበው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አልሄድም አለች። አተነፋፈሷ አጭር አጭር እየሆነ ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ስወጣ ኮፈኑ ተከፍቷል። አባዬ ከመንገድ በፊት ዘይትና ውኃ ሳያይ እንደማይሸኘን ታውቃለህ። ዓይኑ ቢደክምም ጣቱ አልደከመም፤ የተፋቀውን ብረት ዳስሶ አግኝቶታል። የግራጫው ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ መሬት ላይ ነው፤ ብሩሹ ተነክሯል፤ ቁልፉን የዲናሞው ብሎን ላይ አስገብቶ ሊፈታው እየታገለ ነው። ሥራ ሲሠራ ከሥር ነዋ የሚጀምረው! አባዬ ተው ብዬ ጮኽኩ፤ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ጮኸ። ማነው እንዲህ ራቁቱን ያስቀረው፣ በአንድ ክረምት ዝገት ይበላዋል አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ለምን አለኝ። ዋሽቼ ባልፈው ነገ እኔ በሌለሁበት ይቀባዋል። ስለዚህ ነገርኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ እኔም ባትሪነውም አውቀን እሱ ብቻ ሳይሰማ ሊቀር ነበር። ቁልፉን ከብሎኑ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። ፊቱ ልውጥ አለ። እኔ ነኛ እዚያ ውስጥ ያቆምኳት አለ።

ቀና ስንል እማዬ በሌሊት ልብሷ፣ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። አባዬ ወደ እሷ ዞሮ፣ ቀለሜ ነው ያጠፋው፣ ልጁንም በከንቱ ነው የሰደብኩት፤ ዛሬ አብሬሽ እገባለሁ አላት። እማዬ እሱን አየችው፣ ቆርቆሮውን አየች፤ ከዚያ፣ አቤት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው ብላ ሳቀች። ሳቋ ትንፋሽ አሳጥቷት ወንበር አመጣሁላት። ምን እንደነበር ካወቅኩ አልፈራም፣ ግን ያንን ቁጥር የሚያወጣ ነገር ለእኔ ስጡኝ፤ የሰው ወሬ አልሰማም አለች። የቴስተሩን ገመዶች ከሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ አገናኝቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

ዋሻው አፍ ስንደርስ መብራቱን አበራሁ። አባዬ ከኋላ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ቁጥሩን ማንበብ ስለማይችል ስንት ነው ይላታል። አሥራ አራት ትለዋለች። አሁንስ ይላታል። አሥራ አራት ትላለች። ማራገቢያውን ስጨምር አሥራ ሦስት ከዘጠኝ ብላ ድምፅዋ ቀጠነ፤ መሪው እጄ ላይ ተንሸራተተ። ያቺ የቆምንባት ቦታ ላይ ስንደርስ እማዬ፣ ሳትጠየቅ፣ አሥራ አራት አለች። ወደ ብርሃኑ ስንወጣ፣ አንተ ሰውዬ፣ እጄን ልቀቀኝ እንጂ፣ ደሜን አቆምከው አለችው። ለካ ከመግቢያው ጀምሮ ጨብጧት ነበር።

እጥበቱ ደህና ሆነ። ውኃው ወረደላት፤ ዓርብም ያለ ልመና ሄደች፤ ጫማዋም እሺ ብሏታል። ቴስተሩን ግን አልመልስም ብላኛለች፤ ከእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ስንመለስ አባዬ ያቺን ለዳቦ ቤት ታፔላ የሚሳሳላትን ቀጭን ብሩሽ ይዞ ኮፈኑ ሥር ገባ። ሄጄ ላስቆመው ስል፣ አትጠጊ፣ ብረቱን አልነካም አለኝ። ሲጨርስ ጠራኝ። የኮፈኑ ሆድ ላይ፣ በነጭ፣ ለትልቅ ሱቅ በሚጽፍበት ፊደል፣ ከዲናሞው ሥር ቀለም አይቀባም ብሎ ጽፏል። ከሥሩ አነስ አድርጎ፣ ዲናሞው ልጄ የላከው ነው፤ ጥፋት የለበትም ይላል። መስመሩ ትንሽ አዘንብሏል። ድሮ ቢሆን አጥፍቶ እንደገና ይጽፈው ነበር፤ አሁን ግን ቀጥ ብሏል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥ ብሏል አልኩት።

በል እንግዲህ፣ ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ ክር እስካሁን አልተበጠሰም በላት። ትልቋን ጥርሷ ላይ፣ ትንሹን እግሩ ላይ ሳምልኝ። እማዬ ሁላችሁንም አንገት ላንገት አቅፋ ስማችኋለች፤ ቁጥሬ አሥራ አራት ነው በይልኝ ብላለች። ባትሪነውም ሰላም ብሎሃል፤ ሰው ሲጠይቀው አሁን መጀመሪያ እንለካ ማለት ጀምሯል፣ ስንት ቀን እንደሚቆይበት እናያለን። አባዬ ግን ሰላምታውን አልሰጠኝም። የራሴን በራሴ አፍ ነው የምለው አለ። ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ በኋላ እሑድ ስትደውል ስልኩን የሚያነሣው እሱ ነው፤ ጆሮው ላይ አድርጎ እንዴት እንደሚያወራ ስናለማምደው ሰነበትን። ቶሎ ባይናገር እንዳትዘጋበት።

እህትህ፣ የሁለት ኩርፊያ ተሸካሚ የነበረችው

ከቤታችን፣ ከስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ